ሜዳውም ኦቨኑም ከፍታ ላይ ነው፦ የትምህርት ቤት ኳስና ኩኪስ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ ወደ ለገጣፎ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በነሐሴ መጨረሻ ጠቅልለን ለገጣፎ እንገባለን። ልጆቹ 9 እና 11 ዓመታቸው ነው። የሚገቡበት የግል ትምህርት ቤት ከ12 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ኳስ የሚያሠለጥን ወላጅ ይፈልጋል፤ እኔ እሺ ብያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ለቡድኑና ለክፍል ዝግጅት ስኳር ኩኪስ ልትጋግር ቃል ገብታለች። እዚህ የለመድነው የልምምድ ዕቅድና የኩኪስ አሠራር እዚያም እንዳለ ይሠራል? ወይስ የሚለወጥ ነገር አለ? ስለ ትምህርት ቤት ኑሮውም የምታውቁትን ጣል አድርጉልን።

ኮች፣ ከሱሉልታ

እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ወንድሜ። ዕቅድህን አትጣለው፤ ግን ከሁሉ በፊት አየሩን አስብ። አዲስ አበባ መሀሏ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ወደ 2,700 ይጠጋል፤ ወደ አቃቂ ስትወርድ 2,200 አካባቢ ይሆናል። በዚህ ከፍታ ልጁ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። አትሌቶቻችን እንጦጦና ሱሉልታ የሚሮጡት ለዚሁ ነው፤ ሰውነት አየሩን ሲለምድ ቀይ የደም ሕዋስ ይጨምራል። ይህ ግን በሳምንታት የሚመጣ እንጂ በአንድ ሌሊት የሚሆን አይደለም።

ስለዚህ ለአንተ ልጆች፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት መራመድና ቀላል ጨዋታ ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት ከቡድኑ ጋር ግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው 45 ደቂቃ፣ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ሙሉውን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያሉ፤ በዕረፍትና በውሃ ያልፋሉ። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ነገር ከተምታታበት ግን ወደ ሐኪም ነው የሚሄደው። "ጥላ ስር ትንሽ ይረፍ" ተብሎ አይታለፍም።

አስቸጋሪው ነገር ልጁ ድካሙን መደበቁ ነው። እዚህ ያደጉት እኩዮቹ እየሮጡ ሳለ እሱ "ደከመኝ" አይልም። "አንተ ቀስ በል" ብለህ ለብቻው አታውጣው፤ ለሁሉም የሩጫውን ጊዜ አሳጥረው። 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 4 ደቂቃ። ማንም ተለይቶ ሳይታይ ሁሉም ይተነፍሳል። ላጠፋ ልጅ ሜዳ ማዞርን እንደ ቅጣት አትጠቀምበት፤ በዚህ አየር አዲስ ለመጣ ልጅ አደጋ ነው፤ ለነባሩም ቢሆን ሩጫን ያስጠላዋል።

ኳሱም ይለወጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ይርቃል፣ ተመትቶ ብዙ አይታጠፍም። ከውጭ የመጣ በረኛ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረጅም ኳስ በላዩ ላይ ያልፈዋል፤ ጥፋቱ የዓይኑ ልምድ ስለሆነ አትቆጣው። ለዚህ ዕድሜ ቁጥር 4 ኳስ ነው፤ ዙሪያው ከ63.5 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ350 እስከ 390 ግራም። ከዚያ ይዘህ ስትመጣ አየሩን አውጥተህ አጥፈው። ሜሪላንድ የተነፋ ኳስ እዚህ ሲደርስ የውጩ ግፊት ስለሚቀንስ በ0.2 አትሞስፌር ገደማ ጠንክሮ ታገኘዋለህ። ደንቡ ከ0.6 እስከ 1.1 ይፈቅዳል፤ ለልጅ እግር 0.6 ወይም 0.7 ይበቃል። መንፊያ መርፌ ብዙ አምጣ፤ ከመክተትህ በፊት ጫፉን ዘይት አስነካው። በደረቁ የገባ መርፌ የኳሱን አፍ ይቀደዋል፤ ብዙ የትምህርት ቤት ኳስ የሚሞተው በዚህ ነው።

ለ24 ልጆች የ60 ደቂቃ አከፋፈል፦ 10 ደቂቃ ኳስ ለሁለት ለሁለት ይዘው እየተንቀሳቀሱ ይሙቁ፤ የቆመ መወጠር በመጨረሻ ይሁን። 15 ደቂቃ ቅብብል በሦስት ማዕዘን፣ በ6 ሜትር ርቀት፤ ኳሱን በውስጥ እግር አቁሞ በሁለተኛው ንክኪ ማቀበል። 10 ደቂቃ አንድ ለአንድ። 20 ደቂቃ አራት ለአራት ጨዋታ፣ 30 በ20 ሜትር ሜዳ ላይ፣ ጎሉ 2 ሜትር፣ በረኛ የለም። ሦስት ሜዳ ከተቻለህ 24ቱም ይጫወታሉ። አንድ ትልቅ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ካጫወትካቸው ግን ኳስ የሚነካው ስድስት ልጅ ነው፤ የቀረው ቆሞ ያያል። የቀረው 5 ደቂቃ ለውሃና ለንግግር። ኮን ካላገኘህ ሃይላንድ አሸዋ ሞልተህ አቁም፤ ድንጋይ ግን አይሁን፣ ልጅ ይወድቅበታል።

ቴስታ በዚህ ዕድሜ አታለማምድ። የአሜሪካ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ከልክሎታል፤ እንግሊዝም በ2020 እ.ኤ.አ. ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ከልምምድ አውጥታዋለች። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ "ደህና ነኝ" ቢልም እንኳ።

መምህርት፣ ከቂሊንጦ

ኮች የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። እኔ በትምህርት ቤቱ በኩል ልጨምር።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ስር እንደሆነ ጠይቁ። ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ገላን በ2015 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ሸገር ከተማ ተጠቃልለዋል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ የአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። የማስተማሪያ ቋንቋው፣ ሥርዓተ ትምህርቱና የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚያዘጋጀው አካል በዚህ ይለያያል። የ11 ዓመቱ ልጅ ፈተናው ደጅ ላይ ስለሆነ ይህ ለእሱ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አፋን ኦሮሞ በየትኛው ክፍል በምን ያህል ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥ ጠይቁና በክረምቱ ፊደሉን አስጀምሩት።

ኮሚዩኒኬሽን ቡክ የሚባል ደብተር አለ፤ መምህሩ ይጽፍበታል፣ እናንተ በየቀኑ ትፈርሙበታላችሁ። ሳይፈረም የመጣ ደብተር ልጁን ያሳፍረዋል። ልጆቹ "ቲቸር" ማለትን ከመጀመሪያው ቀን ይልመዱ፤ ታላላቆችን በስም ብቻ መጥራት በውጭ ነውር ባይሆንም እዚህ ክፍል ውስጥ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሰዓት ስትነጋገሩም ተጠንቀቁ፦ "ቅዳሜ 2 ሰዓት" ማለት ጠዋት ነው፤ ስልካቸው በፈረንጅ ሰዓት የሆነ ወላጆች ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ለቅዳሜው ልምምድ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን፣ ማለትም ወተመህን አሳውቁ፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩንም አማክሩ። ሜዳውን የሚያውቀው፣ የኳሱን መጋዘን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው።

ስለ ሜዳው። በእኛ በኩል፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የልጅ እግር ያስገባል፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው በዚህ ነው። ከልምምዱ በፊት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግር ሂዱበት፤ ስንጥቁን በአሸዋ ሙሉት። በጠጠር አይሞላም፤ ጠጠር ወደ ላይ ይወጣና ጉልበት ይልጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃው ታኬታ ላይ እየተጠቀለለ እግሩን ያከብደዋል፤ ያኔ በሲሚንቶው ግቢ ላይ በተራ ጫማ ቅብብል ማሠራት ይሻላል።

ውሃ ለእያንዳንዱ ልጅ ከቤት ይምጣ። በከተማዋ ዳርቻ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ቅዳሜ ባዶ ሊሆን ይችላል። በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ፤ በደረቁ አየር ላቡ ቶሎ ስለሚተን ልጁ ሳይታወቀው ይጠማል። ባርኔጣም አትርሱ። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ አይታወቅም እንጂ ፀሐዩ በዚህ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ቆዳ ይልጣል።

የፉርኖ እጅ፣ ከአያት

ስለ ኩኪሱ እኔ ልበል። ለባለቤትህ እንዲህ ንገራት፦ አሠራሩን ያንኑ ትያዝ፣ መጠኑን ታስተካክል። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊትም ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩ ከሚገባው በላይ ይነፋል፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ ስኳሩ ይበዛበታል። ኩኪሱ መጀመሪያ ተነፍቶ፣ ቀጥሎ ተንጣልሎ እንደ ቂጣ ይሳሳል። መፍትሔው ዱቄት ትንሽ መጨመር፣ ስኳርና ቤኪንግ ፓውደር መቀነስ፣ ኦቨኑን ከፍ ማድረግ ነው።

ለ40 ኩኪስ ያህል፦ 390 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 225 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 175 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኔላ። በቆላማ አገር 360 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳርና አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነበር የሚገባው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚሰረጎድ፣ ግን የማያብረቀርቅ ይሁን። ከስኳሩ ጋር 2 ደቂቃ ብቻ ይመታ። ረጅም ከተመታ አየር ይይዛል፤ አየር ደግሞ በዚህ ከፍታ ጠላታችን ነው። እንቁላሉና ቫኔላው ይግቡ። ደረቁን ሁሉ በወንፊት ነፍቶ በሁለት ጊዜ መጨመር፤ ዱቄቱ ሲጠፋ ማቆም፣ እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት የለም፣ ይጠነክራል። ሊጡን ለሁለት ከፍሎ በፌስታል ጠፍጥፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ 1 ሰዓት። ከዚያ በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳመጣል፤ ሁለት እርሳስ ግራና ቀኝ አስቀምጦ መዳመጫውን በላያቸው ማንከባለል ውፍረቱን እኩል ያደርገዋል። መቁረጫ ከሌለ የሻይ ብርጭቆ አፍ ይበቃል። ፓትራው ላይ ወረቀት፣ በመሀላቸው 3 ሴንቲ ሜትር። 190 ዲግሪ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ጠርዙ ብቻ ወርቃማ ሲሆን ይወጣል፤ መሀሉ ጥሬ ይመስላል፣ ፓትራው ላይ 5 ደቂቃ ሲቀመጥ ይበስላል። መሀሉ እስኪቀላ የጠበቀ ሰው ድንጋይ ነው የሚያወጣው።

ስለ ዕቃዎቹ። የአገራችን ስኳር ቅንጣቱ ትልቅ ነው፤ በዚያ አጭር ጊዜ አይሟሟም፣ ኩኪሱን ነጠብጣብ ያደርገዋል፣ ጥርስም ላይ ይንቋቋል። በመፍጫ ግማሽ ደቂቃ ፈጭታ ትጠቀም፤ ቡና የተፈጨበት መፍጫ ግን አይሆንም፣ ሽታው አይለቅም። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ነው፣ 40 ግራም ገደማ ይሆናል፤ የፈረንጅ እንቁላል ከሌለ አንድ የሀበሻ እንቁላልና 1 የሾርባ ማንኪያ ወተት ታድርግ። ለጋ ቅቤ አይመከርም፤ የያዘው ውሃ በየጊዜው ይለያያል፣ መዓዛውም ለኩኪስ ይከብዳል። የተነጠረ ከሆነ ኮሰረትና ኮረሪማ የሌለበትን 180 ግራም፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር፤ የተነጠረው ውሃ ስለሌለው ነው መጠኑ የሚቀንሰው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። ባለቤቴ የምትጠይቀው፦ በኦቨኑ ላይ ያለው ቁጥር ይታመናል? መብራት ቢሄድስ? ደግሞ ፆም ላይ ላሉ ልጆች ምን ይሠራል?

የፉርኖ እጅ፣ ከአያት

እህቴን ሰላም በልልኝ። ቁጥሩ አይታመንም። ከተማው ዳርቻ ላይ ከ12 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ ኦቨኑ 190 እያለ ውስጡ 160 ሊሆን ይችላል። ያኔ ቅቤው ኩኪሱ ቅርጽ ሳይዝ ይቀልጥና ይንጣለላል። የኦቨን ቴርሞሜትር ከዚያ ትያዝ፤ በሻንጣ ከሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ከሌለ አንድ ማንኪያ ፉርኖ ፓትራ ላይ በስሱ በትና 5 ደቂቃ ታስገባ፤ ወርቃማ ከሆነ ሙቀቱ ደርሷል፣ ነጭ ከሆነ ገና ነው። ጠዋት ትጋግር፤ 30 ደቂቃ ታሙቀው። ምጣድና ኦቨን አብረው አይበሩ፣ ብሬከሩ ይወርዳል።

መብራት ከሄደ ሊጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል፣ ያውም በሩ ካልተከፈተ። መብራቱ ቶሎ ካልመጣ በሲሊንደር ጋዝ፦ ወፍራም ድስት፣ ታቹ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ጨው፣ በጨው ላይ የቆርቆሮ ክዳን ተገልብጦ፣ በላዩ ኩኪሶቹ ያሉበት ትንሽ ሳህን። ክዳኑን ገጥማ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ ታሙቀው፤ ከዚያ 6 ኩኪስ በአንድ ጊዜ፣ 12 ወይም 15 ደቂቃ። ላዩ አይቀላም፣ ነጭ ሆኖ ይበስላል፤ በታቹ ቀለም ነው የሚታወቀው። በምጣድ ላይ ግን አትሞክረው፤ ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሆነ መሀሉ ሳይበስል ስሩ ያርራል።

የሚበላሸውን ከነምክንያቱ ልዘርዝርላት። ተንጣለለ፦ ቅቤው ቀልጦ ነበር፣ ወይም ሁለተኛው ዙር በትኩስ ፓትራ ላይ ተደርድሯል፤ ሁለት ፓትራ እያፈራረቁ ማቀዝቀዝ ነው። ደርቆ ተፈረፈረ፦ ዱቄቱ በኩባያ ተዝቆ ነው። ፉርኖ ሲታፈን አንድ ኩባያ ከ120 ወደ 150 ግራም ያድጋል፤ ሚዛን ትጠቀም። ስሩ አረረ፦ ፓትራው ስስ ነው፣ ሁለት ደርባ ታስገባው።

መምህርት፣ ከቂሊንጦ

ፆሙን በደንብ አስቡበት፣ ምክንያቱም የትምህርት ዓመቱ ሰፊ ክፍል ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የነቢያት ፆም፤ ከዚያ ነነዌ 3 ቀን፤ 55 ቀን ዐቢይ ፆም፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሐዋርያት። ልጆች አጥብቀው የሚፆሙት ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ስለሆነ በዕረፍት ያልፋል። ብዙዎቹ ልጆች በቤታቸው አይፆሙ ይሆናል፤ ግን አንዱ ልጅ እጁን ሰብስቦ ሌላው ሲበላ ማየት ያሳዝናል። በፆም ወራት ለሁሉም የፆሙን ብቻ ማቅረብ ነው የሚሻለው። በረመዳን ደግሞ የሚፆም ልጅ ካለ ድርሻውን ጠቅልላችሁ ለቤት ስጡት፤ ልምምዱንም አቅልሉለት።

የፉርኖ እጅ፣ ከአያት

የፆሙ እንዲህ ነው፦ 400 ግራም ፉርኖ፣ 150 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ተፍቆ፣ 150 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው ዘይት፣ 70 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ። ዘይቱና ጭማቂው ከስኳሩ ጋር አንድ ላይ ይመታሉ፣ ከዚያ ዱቄቱ። ይህ ሊጥ በመዳመጫ ይሰነጠቃል፤ የዋልኑት ያህል እየቆነጠሩ አድቦልቡሎ በብርጭቆ ታች መጫን ነው። 180 ዲግሪ፣ ከ11 እስከ 13 ደቂቃ። ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ሊጡ ደርቋል፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ ይጨመርበት። ከላይ ለመቀባት 200 ግራም የተፈጨ ስኳር በ2 የሾርባ ማንኪያ ሎሚና በጥቂት ውሃ። በበጋ አየር ሳህኑ ላይ እያለ ስለሚደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ትቀባ። ለውዝና ሰሊጥ አይግባበት፤ የማይስማማው ልጅ እንዳለ በኮሚዩኒኬሽን ቡክ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኮች፣ ከሱሉልታ

አንድ ነገር ልጨምር። ኩኪሱ ከልምምዱ በኋላ ነው የሚታደለው፣ ለአንድ ልጅ ሁለት፣ ከሙዝ ጋር። ከመሮጡ በፊት ቅቤና ስኳር የበላ ልጅ ጎኑን ይወጋዋል። እጅ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና አብሮ ይምጣ፤ ከሜዳ የመጣ እጅ ነው።

በበልግና በሰኔ ደመናውን እያያችሁ ሥሩ። ነጎድጓድ ከተሰማ ልጆቹን ወደ ክፍል አስገቡ፤ ዛፍ ስር አይደለም፣ የባሕር ዛፍ ጥላ በተለይ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይወጣም። ከትምህርት በኋላ የምታሠለጥኑ ከሆነ ደግሞ በ11 ሰዓት ጨርሱ፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል፣ ሰርቪሱም ስለሚሄድ ልጅ በእግሩ ይቀራል። ላብ ያለበት ልጅ ሹራቡን ለብሶ ይውጣ፤ ፀሐይዋ እንደገባች ብርዱ ወዲያው ነው።